በፓርቲ ተገፍቶ በመራጭ መመረጥ

ፓርቲው ዕጩነት የነፈገው ፖለቲከኛ ለመራጩ የሚቀርብበት መንገድ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። በኢትዮጵያ የግል ዕጩ ሆኖ መመዝገብ ይቻላል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ መራጩ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ያልታተመ ሰው ስም በእጁ ጽፎ መምረጥ ይችላል።

የአላስካዋ ሴናተር ሊሳ መርካውስኪ ወንበሩን ያገኙት እ.አ.አ. በ2002 ነው። ቀድሞ ሴናተር የነበሩት አባታቸው አገረ ገዢ ሲሆኑ በለቀቁት ቦታ ልጃቸውን ሾሟቸው። በነሐሴ 2010 በተካሄደው የሪፐብሊካን ፓርቲ የውስጥ ምርጫ ግን በጆ ሚለር በ2,000 ያህል ድምፅ ተሸነፉ። የዕጩዎች ምዝገባ ስላለፈ የቀራቸው ስማቸውን ማስጻፍ ብቻ ነበር። መራጩ ከባዶው መስመር አጠገብ ያለውን ክብ አጥቁሮ ረጅሙን ስም መጻፍ ስላለበት፣ ዘመቻው አጻጻፉን በቴሌቪዥን አስተማረ፤ ስሙ የታተመበት የእጅ አንባርም አደለ። ሚለር በሺዎች በሚቆጠሩ ወረቀቶች ላይ ፊደል ተሳስቷል ብለው ቢከራከሩም፣ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመራጩ ፍላጎት ግልጽ እስከሆነ ድረስ የፊደል ስህተት ድምፁን አይሽርም ሲል ወሰነ። መርካውስኪ በ10,000 ያህል ድምፅ በልጠው አሸነፉ። ከሳውዝ ካሮላይናው ስትሮም ተርመንድ የ1954 ድል ወዲህ በዚህ መንገድ ሴናተር የሆነ ሌላ ሰው አልነበረም።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው የዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ታሪክ ነው። ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. ርዕሰ ብሔር የነበሩት ነጋሶ በ1993ቱ የኢሕአዴግ ክፍፍል ማግስት ከድርጅታቸው ከኦሕዴድ ተባረሩ። ሥልጣን በለቀቁበት ጊዜ የወጣው ሕግ፣ የቀድሞ ርዕሰ ብሔር ከፓርቲ ፖለቲካ ካልራቀ ጥቅማጥቅሙን እንደሚያጣ ይደነግግ ነበር። እሳቸው ግን በ1997ቱ ምርጫ በትውልድ ከተማቸው በደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኑ። ጥቅማጥቅማቸውም ተቋረጠ። በኋላ አንድነት ፓርቲን ተቀላቅለው መርተዋል።

ሁለቱን የሚለያቸው የድምፅ አሰጣጡ ነው። በኢትዮጵያ የግል ዕጩም እንደ ፓርቲ ዕጩ የራሱ የምርጫ ምልክት ይኖረዋል፤ መራጩም ከምልክቱ አጠገብ የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራ ያኖራል። ስለዚህ በደምቢ ዶሎም ሆነ በያቤሎ ማንበብ የማይችል አርሶ አደር ወይም ከብት አርቢ የግል ዕጩን ለመምረጥ ምልክቱን መለየት ይበቃዋል። በአንጻሩ የግል ዕጩ ስሙ በወረቀቱ ላይ እንዲወጣ በጊዜ መመዝገብ አለበት፤ ቀኑ ካለፈ መራጩ ስሙን ጽፎ የሚያስገባበት ቦታ የለም።