ለእሱ ያን ያህል፣ ለእኔ ይህን ያህል? የግብረ አበሮች ቅጣትና ይግባኝ

ሁለት ሰዎች አብረው አንድ ዝርፊያ ፈጸሙ እንበል። ሁለቱም ጥፋታቸውን ያምናሉ፤ መዝገባቸው ግን ተነጣጥሎ በተለያዩ ዳኞች ይታያል። አንዱ በገደብ ወደ ቤቱ ይላካል፣ ሌላው ለዓመታት ወኅኒ ይወርዳል። የታሰረው ሰው ቅጣት ለብቻው ሲመዘን እንከን ላይገኝበት ይችላል። ከግብረ አበሩ ቅጣት ጎን ሲቀመጥ ግን ፍርድ ቤቱ ላንዱ እናት፣ ላንዱ እንጀራ እናት የሆነ ይመስላል። በአውስትራሊያ እንዲህ ያለው ልዩነት ራሱን የቻለ የይግባኝ ምክንያት ነው።

ይህን መርህ ያጸናው የአገሪቱ የመጨረሻ የዳኝነት አካል የሆነው ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 በሎው ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ነው። የይግባኝ ችሎት ጣልቃ የሚገባው፣ በቅጣቶቹ መካከል ያለው ርቀት ከባዱን የተቀበለው ሰው «ተበድያለሁ» ቢል የሚያስኬደው ሲሆን ነው። የሰውየው ንዴት ብቻውን አይበቃም፤ ነገሩን ከዳር ሆኖ የሚያይ አስተዋይ ሰውም «እውነቱን ነው» ማለት አለበት። ከዳኞቹ አንዱ የነበሩት ሜሰን እንዳስረዱት፣ የዚህ ዓይነቱ አድልዎ ጉዳት ከታሳሪው አልፎ ሕዝብ በፍትሕ ሥርዓቱ ላይ ያለውን እምነት ይሸረሽራል።

እኩል መዳኘት ሲባል ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት የእስራት ዘመን መቁረጥ አይደለም። ዕቅዱን ያወጣውና መኪና የነዳው፣ ከዚህ በፊት ያልተከሰሰ ወጣትና በተደጋጋሚ የተፈረደበት ጎልማሳ፣ በመጀመሪያው ቀን ያመነና እስከ መጨረሻው የተከራከረ እኩል አይቀጡም። ከፖሊስ ጋር ተባብሮ በግብረ አበሩ ላይ የመሰከረም ይቀልለታል። ስለዚህ የይግባኝ ባዩ ዋና ሥራ፣ የቅጣቱ ልዩነት በእነዚህ ምክንያቶች ሊብራራ እንደማይችል ማሳየት ነው።

ንጽጽሩ ደግሞ ወረቀት ላይ በሰፈረው ቁጥር አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1997 በታየው የፖስቲሊዮኔ ጉዳይ ሁለቱ ግብረ አበሮች አደንዛዥ ዕፅ ወደ አገር ለማስገባት ያሴሩት ቀድሞ በሌላ ወንጀል ተፈርዶባቸው እስር ቤት ሳሉ ነበር። ከመካከላቸው ለመንግሥት የተባበረው ሰው የተቆረጠበት ዘመን ሲነበብ ከጓደኛው ያንሳል። ነገር ግን አዲሱ ቅጣት ገና ካልጨረሱት እስራት ጋር ሲደራረብ ለእያንዳንዳቸው በእርግጥ የጨመረው ጊዜ ስንት ነው? ከፍተኛው ፍርድ ቤት መመዘን ያለበት ይህ ነው ብሎ የተባበረውን ሰው ይግባኝ ተቀበለ። ለእኔ ከሁሉም ፍርዶች የሚበልጠው ይህ ነው፤ እስረኛ የሚኖረው በእያንዳንዱ ቀን እንጂ በውሳኔው ወረቀት ላይ አይደለምና።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። የግብረ አበሩ ቅጣት ከመጠን በላይ ቀላል ሆኖ ቢገኝስ? የአንዱ ዳኛ ስህተት ለሌላው ጥፋተኛ ሲሳይ ይሁን? ችሎቱ ትክክል የነበረውን ቅጣት ለእኩልነት ሲል ሊቀንስ ይችላል፤ ሆኖም ለወንጀሉ ፈጽሞ ወደማይመጥን ደረጃ የማውረድ ግዴታ የለበትም። መርሁ ዐቃቤ ሕግንም ይገታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በግሪንና ኩዊን ጉዳይ ዐቃቤ ሕግ የአንዱን ግብረ አበር ቀላል ቅጣት ትቶ በሌሎቹ ላይ ብቻ ይግባኝ ብሎ አስጨምሮባቸው ነበር፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ3 ለ2 ድምፅ ጭማሪውን ሻረው። ትክክል ነበር እላለሁ፤ መንግሥት ራሱ አድልዎ ፈጥሮ ቅጣት አነሰ ሊል አይገባውም።

የእኛው የኢትዮጵያ ሕግም ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 41 መሠረት የአንድ ተካፋይ የግል ሁኔታ ለሌላው አይተላለፍም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 196 ደግሞ አንዱ ይግባኝ ብሎ ያገኘው ጥቅም፣ ሁኔታው ሲፈቅድ፣ አብሮት ተፈርዶበት ይግባኝ ላላለውም እንዲደርስ መንገድ ይከፍታል።

ሜልበርን ወይም ሲድኒ ሆናችሁ የታሰረ ዘመድ ያላችሁ፣ ጠበቃችሁ የግብረ አበሩን የቅጣት ውሳኔ ከነምክንያቱ እንዲያወጣላችሁ በቅድሚያ ጠይቁ፤ ያለ እሱ ንጽጽር የለም። በቪክቶሪያም ሆነ በኒው ሳውዝ ዌልስ የመጀመሪያው ማመልከቻ የሚቀርበው ቅጣቱ በተወሰነ በ28 ቀን ውስጥ ነው።