ሰማዩ ከመፈተኑ በፊት

የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ፈልጉ። አንዱ ይቀመጥና ዓይኑን በነጠላ ይሸፍን፤ ሌላው ወንበሩን ቀስ አድርጎ፣ ፍጥነቱን ሳይቀያይር ያዙረው። የተቀመጠው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ እየዞረ እንደሆነ ሳይሳሳት ይናገራል። ሃያ ሰከንድ ገደማ ሲሞላ ግን «አሁን ቆመ» ይላል፤ ወንበሩ ገና እየዞረ ነው። በእርግጥ ስታቆሙት ደግሞ «ወደ ሌላው ጎን ማዞር ጀመራችሁ» ብሎ ይሟገታል። ዓይኑን ሲገልጥ ተመልካቹ ይስቃል፣ እሱ ያፍራል።

የሚያሳፍር ነገር ግን የለበትም። በውስጠኛው ጆሯችን በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቀጫጭን ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ። ጭንቅላት ሲዞር ቱቦው አብሮ ይዞራል፤ ፈሳሹ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ መዘግየት ፀጉር መሰል ሕዋሳትን ያጎብጣል፤ አእምሮም «እየዞርን ነው» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ዙሩ በአንድ ፍጥነት ከቀጠለ ፈሳሹ ቱቦውን ይደርስበታል፣ ሕዋሳቱ ይቃናሉ፣ መልእክቱ ይቋረጣል። ወንበሩ ሲቆም ደግሞ ፈሳሹ ለጥቂት ጊዜ ብቻውን ይቀጥልና ሕዋሳቱን ወደ ተቃራኒው ያጎብጣል። ጆሮ የሚነግረን የፍጥነት ለውጥን ብቻ ነው።

ቢሮ ውስጥ ይህ መሳቂያ ነው፤ ደመና ውስጥ ግን ሕይወት ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1954 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመሣሪያ ብቻ መብረር ያልሠለጠኑ 20 ተማሪ አብራሪዎችን ወደ ውጭ እንዳያዩ ከልለው አበረሯቸው። ሃያዎቹም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው። እስከዚያ ድረስ የቆዩት በአማካይ 178 ሰከንድ ነበር፤ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

የአብራሪነት ትምህርት ቤት ለመግባት የምታስቡ ወጣቶች ይህን ቁጥር ያዙት። ብዙ ሰው የመግቢያውን ሂደት፣ ማለትም የጽሑፍ ፈተናውን፣ የእጅና የዓይን ቅንጅት መለኪያውን፣ ቃለ መጠይቁንና የሕክምና ምርመራውን፣ አመልካች ለመቀነስ የተደረደረ ወንፊት አድርጎ ያየዋል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን እያንዳንዱ ፈተና ሰማይ ሰውን ለሚያታልልበት አንድ መንገድ የተሰጠ መልስ ነው። የፈተናውን ምክንያት ያወቀ ሰው እንዴት መዘጋጀት እንዳለበትም ያውቃል።

ከአሜሪካውያን እጅ ወደ አዲስ አበባ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1945 ተመሥርቶ ሚያዝያ 8 ቀን 1946 የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፣ መሪውን የያዙት ቲ ደብሊው ኤ ከተባለው ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የንግድ አውሮፕላን በዋና አብራሪነት የመራ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። አየር መንገዱ የራሱን የአብራሪዎች ማሠልጠኛ የከፈተው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ያ ማሠልጠኛ ዛሬ አድጎ ከኢትዮጵያ አልፎ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ሠልጣኞችንም ያስተምራል።

የትምህርት ደረጃ፣ የዕድሜና የቁመት መስፈርቱ በየማስታወቂያው ሊለያይ ስለሚችል ከጓደኛ ወሬ ይልቅ የወጣውን ማስታወቂያ ቃል በቃል ማንበብ ይሻላል። ከዚህ በታች የምናያቸው ግን የትም አገር የማይቀሩ ናቸው፤ ሥራው ራሱ የሚጠይቃቸው ስለሆኑ።

ዓይን መጀመሪያ ይታይ

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለንግድ በረራ አብራሪዎች የሚጠይቀው የጤና ማረጋገጫ አንደኛ ክፍል ይባላል። ልብ፣ ሳንባ፣ ጆሮ፣ ነርቭና የአእምሮ ጤና ይመረመራሉ። ብዙውን አመልካች የሚያስጨንቀው ግን ዓይን ነው። «መነጽር ያደረገ ፓይለት አይሆንም» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። የድርጅቱ መለኪያ እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው 6/9፣ ሁለቱ አንድ ላይ 6/6 እንዲያዩ ነው፤ በመነጽርም ሆነ ያለ መነጽር። 6/9 ማለት ጤናማ ዓይን ከ9 ሜትር የሚያነበውን ፊደል በ6 ሜትር ማንበብ ነው።

የቀለም እይታ ግን በመነጽር አይቃናም። በማኮብኮቢያው ጎን አራት መብራቶች በአንድ መስመር ይደረደራሉ። የሚያርፈው አብራሪ ሁለት ነጭና ሁለት ቀይ ካየ መስመሩን ይዟል፤ አራቱም ቀይ ከሆኑ ከሚገባው በታች ወርዷል፤ አራቱም ነጭ ከሆኑ ከፍ ብሏል። ሬዲዮ ሲበላሽ የመቆጣጠሪያ ማማው በመብራት ይናገራል፤ ለሚያርፍ አውሮፕላን የማይቆራረጥ አረንጓዴ «ማረፍ ትችላለህ»፣ የማይቆራረጥ ቀይ «ቅድሚያ ስጥ፣ መዞርህን ቀጥል» ማለት ነው። ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር የሚተላለፈው በኤክስ ክሮሞዞም ስለሆነ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ በእጅጉ ይበዛል። ችግሩ ያለበት ሰው ዓለምን ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲያ ስለሚያያት እስኪመረመር ድረስ ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ በተለይ በራሱ ገንዘብ ለመማር ያሰበ ሰው አንድ ብር ከመክፈሉ በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ቦሌ የሚያስተምረው ፊዚክስ

የሒሳብና የፊዚክስ ፈተናው ለምን እንደተቀመጠ ለማየት ቦሌን መመልከት ይበቃል። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2,324 ሜትር ወይም 7,625 ጫማ ላይ ነው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሳው አየርን ወደ ታች እየገፋ ነው፤ ሞተርም ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ይጎዳሉ። ተጨማሪ አየር መጭመቂያ የሌለው የትንሽ ማሠልጠኛ አውሮፕላን ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል።

ሙቀት ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። በመደበኛው የከባቢ አየር ሥሌት በቦሌ ከፍታ ሊኖር የሚገባው ሙቀት ዜሮ ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ለሚጨመር ለእያንዳንዱ ዲግሪ፣ አውሮፕላኑ 120 ጫማ ያህል ከፍ ያለ ቦታ ላይ እንዳለ ይሰማዋል። ቴርሞሜትሩ 25 ዲግሪ ባሳየ ቀን 25 በ120 ተባዝቶ 3,000 ጫማ ይጨመራል። መሬቱ ያው ቦሌ ነው፤ ለክንፉና ለሞተሩ ግን 10,600 ጫማ ተራራ ላይ የመቆም ያህል ነው። መንደርደሪያው ይረዝማል፣ አወጣጡ ይዘገያል። የማለዳው ብርድ ለአውሮፕላን በረከት የሚሆነው ለዚህ ነው።

አብራሪው ለእንዲህ ያለ ግምት ሁልጊዜ ካልኩሌተር አይፈልግም፤ ብዙ ጊዜ በቃሉ ነው የሚያስበው። አንድ ዲግሪ አቅጣጫ የሳተ አብራሪ በየ60 ማይሉ አንድ ማይል ያህል ከመስመሩ ይወጣል። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ብንል፣ አንድ ዲግሪ ስሕተት መጨረሻ ላይ 6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለማረፍ ሲወረድ ደግሞ ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ ሦስት ማይል ይያዛል። ከ35,000 ወደ 8,000 ጫማ ለመውረድ 27 በሦስት፣ 81 ማይል አስቀድሞ መጀመር ያስፈልጋል። ሒሳቡ የአራተኛ ክፍል ነው። ክብደቱ የሚመጣው ሬዲዮው እየጮኸ፣ ደመናው እየቀረበ፣ እጅ መሪውን እንደያዘ ሲሠራ ነው።

ጠባቧ ጓዳ

በኮምፒውተር የሚሰጡት የቅንጅት ፈተናዎች የሚለኩት ይህንኑ ነው። አመልካቹ በአንድ እጁ ነጥብ ያሳድዳል፣ በጆሮው ቁጥር ይሰማል፣ በመካከል ጥያቄ ይመልሳል። የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ በእጁ ይዞ የሚሠራበት ቦታ በጣም ጠባብ ነው። የሥነ ልቡና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰባት ነገር ገደማ ይይዛል ብሎ ነበር፤ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ወደ አራት ዝቅ አድርገውታል። ጓዳዋ ስትሞላ አዲስ ነገር የሚገባው የቆየውን ገፍቶ ነው። ልምድ ጓዳዋን አያሰፋትም፤ ይልቁንም ደጋግመን የለመድነው ሥራ ቦታ መያዙን ስለሚያቆም ለሌላው ይለቀቃል።

ልምድ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ጥቅምት 30 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ራይት ፊልድ፣ ቦይንግ ሞዴል 299 የተባለው አዲስ ቦምብ ጣይ ተነስቶ ወዲያው ወደቀና ሁለት ሰዎች ሞቱ። መሪውን የያዙት የተመሰከረላቸው አብራሪዎች ነበሩ። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ጭራው በነፋስ እንዳይወዛወዝ የሚይዘውን ቁልፍ ሳይፈቱ ነበር የተነሱት። ከዚህ በኋላ የመጣው መፍትሔ ወረቀት ሆነ፤ ቼክሊስት። ዛሬ ሃያ ዓመት የበረረ ካፒቴንም ዝርዝሩን ጮክ ብሎ እያስነበበ ይፈትሻል። የረሳነውን መርሳታችንን ራሳችን ልናውቅ ስለማንችል ነው።

ለዚህ መዘጋጀት ውድ አይደለም። በየቀኑ አሥር ደቂቃ የሁለት አኃዝ ቁጥሮችን በቃል ማባዛት፣ ከዚያ ያንኑ ሳህን እያጠቡ ወይም ኳስ እያነጠሩ መሞከር ነው። ኮምፒውተር ያለው በበረራ ጨዋታ መሣሪያዎቹን ማንበብ ይለማመድ። ሲሙሌተር ራሱ የተጀመረው እንዲህ ባለ ብልሃት ነው፤ በአሜሪካ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ ቤተሰብ ልጅ የነበረው ኤድዊን ሊንክ እ.ኤ.አ. በ1929 የሠራው የመጀመሪያው ማሠልጠኛ የሚንቀሳቀሰው ኦርጋን በሚነፋበት የአየር ወናፍ ነበር።

«አንቱ» እና ኮክፒቱ

መጋቢት 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. በካናሪ ደሴቶች በቴኔሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በጭጋግ ውስጥ ሁለት ግዙፍ ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያው ላይ ተጋጩና 583 ሰዎች ሞቱ። ከመካከላቸው አንዱ የመነሳት ፈቃድ ሳይሰጠው ነበር መንደርደር የጀመረው። ረዳት አብራሪው በሬዲዮ የተናገረው እንግሊዝኛ ለሁለት ትርጉም የተመቸ ነበር። የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አውሮፕላን ገና አልወጣ ይሆን ብሎ ጠየቀ፤ በሥራ ባልደረቦቹ ዘንድ እጅግ የተከበረው ካፒቴን ግን ወጥቷል አለ፤ መሐንዲሱም ዝም አለ።

ከዚያ አደጋ ሁለት ትምህርቶች ወጡ። አንደኛው የቋንቋ ነው። «መነሳት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ዛሬ በሬዲዮ የሚነገረው ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2008 ጀምሮም ዓለም አቀፍ በረራ የሚያደርግ አብራሪ ከስድስቱ የእንግሊዝኛ ደረጃዎች ቢያንስ አራተኛውን ማለፍ አለበት። ደረጃው የሚለካው መናገርንና መስማትን ነው፤ በሰዋስው ጎበዝ የነበረ ተማሪ እዚህ ሊቸገር ይችላል።

ሁለተኛው ትምህርት ለእኛ ይከብዳል። ያደግነው ታላቅ ሲናገር ማቋረጥ ነውር በሆነበት ቤት ነው። ኮክፒት ውስጥ ግን የሃያ ሁለት ዓመቷ ረዳት አብራሪ አባቷ የሚሆኑትን ካፒቴን «ከፍታችን ዝቅ ብሏል፣ ያስተካክሉ» ማለት አለባት፤ ካልሰሟትም እስኪሰሙ ድረስ። አክብሮቱ በ«አንቱ»ው ውስጥ ይቀመጥ፤ ዝምታው ግን ይቅር። በቃለ መጠይቁ ከቡድን ጋር ስለመሥራት፣ ስለ ስሕተታችሁ፣ ከአለቃ ጋር ስላልተስማማችሁበት ጊዜ የምትጠየቁት ለዚህ ነው። «ተሳስቼ አላውቅም» ብሎ የሚመልስ አመልካች ራሱን የጣለ ነው።

ከበሩ ወዲያ

የገባ ሠልጣኝ የአየር ጠባይን፣ የበረራ ሕግን፣ አቅጣጫ ምሪትን፣ ሞተርንና የሰውን አካል ተምሮ ወደ ትንሿ አውሮፕላን ይወጣል። በዓለም አቀፉ መለኪያ የንግድ አብራሪ ፈቃድ የሚሰጠው ዕድሜው 18 ለሞላ፣ ቢያንስ 200 ሰዓት ለበረረ፣ በጸደቀ ተከታታይ ሥልጠና ከሆነ ደግሞ 150 ሰዓት ለበረረ ሰው ነው። ለካፒቴንነት መሠረት የሆነው ከፍተኛው ፈቃድ 21 ዓመትና 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። ከእነዚያ ሰዓታት ብዙዎቹ የሚያልፉት በመግቢያችን ያየነውን ነገር በመልመድ ነው፤ ጆሮ «ዞረናል» ሲል መሣሪያው «ቀጥ ብለናል» ካለ መሣሪያውን ማመን።

የጥሪ ማስታወቂያ ሲወጣ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ የፊዚክስ ድክመትም ሆነ የተዘጋ አንደበት በዚያ ጊዜ ውስጥ አይቃናም። ዓይናችሁን ዛሬ አስመርምሩ፤ በቃል ማባዛቱን ዛሬ ማታ ጀምሩ፤ እንግሊዝኛውን ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩት። ስትሳሳቱም ሳትጠየቁ «ተሳስቻለሁ» ማለትን ልመዱ፤ ይህኛው ልምምድ ማስታወቂያም ገንዘብም አይጠይቅም።