ጤና አዳምና እንክብል

በኮን ከተማም ሆነ ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚዘልቀው የላስታ ደጋ፣ ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ይደረጋል፤ ሆዱን ለቆረጠውም ተጨምቆ ይጠጣል። ስለ አገር ባህል መድኃኒት ስንከራከር ግን አንዱ ወገን ነገሩን አጉል እምነት ይለዋል፣ ሌላው ደግሞ ከአፈር የበቀለ አይጎዳም ብሎ ይምላል። ሁለቱም ስተዋል። ቅጠሉ የሚያሽል ከሆነ በሰውነት ውስጥ የሚለውጠው ነገር አለ፤ የሚለውጥ ነገር ሁሉ ደግሞ መጠንና ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ምግብ የሚፈጨው፣ የሕመም ስሜት የሚያባብሱ ንጥረ ነገሮች የሚሠሩት፣ የተዋጠ መድኃኒት ተሰባብሮ የሚወገደው በኢንዛይሞች ነው። የብዙ ዕፅዋት ኃይል ያለው እነዚህን ኢንዛይሞች ይዞ ሥራቸውን በመግታት ላይ ነው። ከአኻያ ልጥ ከሚገኘው ንጥረ ነገር መነሻነት የተሠራውን አስፕሪን እንውሰድ፦ እንግሊዛዊው ጆን ቬን በ1971 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ሕመም የሚያስታግሰው ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ሕመም አባባሽ ንጥረ ነገር የሚሠራውን ኢንዛይም በማገድ ነው። ያው እገዳ የጨጓራን መከላከያ ስለሚያሳሳ ያደማል፤ ፈውሱና ጉዳቱ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። በጤና አዳም ውስጥ ያለው ቻለፔንሲንም ኒኮቲንንና አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚሰባብረውን የጉበት ኢንዛይም እንደሚገታ በቤተ ሙከራ ታይቷል። እንዲህ ያለ ኢንዛይም ሲታገድ፣ በሐኪም ልክ የታዘዘው እንክብል ሳይሰባበር በደም ውስጥ ሊከማች ይችላል።

ቤተ ሙከራ ሌላ፣ የሰው አካል ሌላ ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ቡና ላይ የተጣለች አንዲት ቅርንጫፍ ይህን ያህል ታደርሳለች ማለቴም አይደለም። ሆኖም ካናዳዊው ዴቪድ ቤይሊና ባልደረቦቹ በ1989 እ.ኤ.አ. የግሬፕፍሩት ጭማቂ የአንድ የደም ግፊት መድኃኒትን መጠን በደም ውስጥ እጅግ እንደሚያንር ያስተዋሉት በሰዎች ላይ ነው። ቅድመ አያቶቻችን ጤና አዳምን ሲጠጡ ኖረዋል የሚለው መከራከሪያም ክብደት አለው፤ እነሱ ግን ከደም ግፊት ወይም ከኤች አይ ቪ እንክብል ጋር አልጠጡትም። የዛሬው የላስታ ታማሚ ከጤና ጣቢያም ከጓሮም ይወስዳል፤ ስለ ጓሮው ካልተጠየቀም አይናገርም። ስለዚህ ሐኪሙ ሳይገስጽ "ምን ቅጠል ይወስዳሉ?" ብሎ ይጠይቅ፣ መልሱንም ካርዱ ላይ ይጻፍ። መድኃኒት አዋቂዎች ምስጢራችን ይዘረፋል ብለው ቢሰጉ አይፈረድባቸውም፤ በ1998 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 482ም የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት እንዳለው ደንግጓል። ለታማሚው ደኅንነት የሚያስፈልገው ግን የቅመማው ምስጢር ሳይሆን የቅጠሉ ስም ብቻ ነው።