ላፕቶፕን የሚጎዳው መውጫ ያጣ ሙቀት ነው

ላፕቶፕ ሲግል ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ዕድሜውን ወይም ሥሪቱን ነው። «አርጅቷል» ወይም «ሲገዛም ፎርጂድ ነበር» ይባልና ነገሩ በዚያው ያበቃል። መሞቁ ግን በራሱ ብልሽት አይደለም። ፕሮሰሰሩ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ተመልሶ ሙቀት ይሆናል። ለቢሮ ሥራ የሚሆን ላፕቶፕ ፕሮሰሰር 15 ዋት ገደማ፣ ለከባድ ሥራ የተሠራው ደግሞ 45 ዋትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ይህ ከአንድ የድሮ አምፖል ባይበልጥም የሚፈልቀው የአውራ ጣት ጥፍር ከሚያህል ስፍራ ነው። እናም መጠየቅ ያለበት ላፕቶፑ ለምን ሞቀ ሳይሆን ሙቀቱ በየት ይውጣ የሚለው ነው።

መውጫው በብልሃት የተሠራ ነው። ፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት ይቀባና ከመዳብ የተሠራ ጠፍጣፋ ቱቦ ይጫንበታል። ቱቦው ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ፣ ብዙውን ጊዜ ውኃ፣ አለ። አየሩ አስቀድሞ ስለተመጠጠ ውኃው መቶ ዲግሪ ሳይደርስ ይተናል፤ እንፋሎቱም ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ሄዶ ሙቀቱን ለስስ የብረት ክንፎች ያስረክብና ተመልሶ ውኃ ይሆናል። የቀረው የማራገቢያው ድርሻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሥር አየር ይስባል፣ በክንፎቹ መካከል ያሳልፋል፣ በጎን ወይም በኋላ ያስወጣል። የአየሩ መንገድ ከተዘጋ ግን ይህ ሁሉ ብልሃት ዋጋ የለውም።

ያን መንገድ የምንዘጋው ደግሞ እኛው ነን። አልጋ ላይ ተጋድመን ፊልም ስናይ ብርድ ልብሱ ወይም ጋቢው የሥሩን ቀዳዳዎች ይደፍናል። በበጋ የሚነሳው አቧራ ከልብስ ብናኝ ጋር ተጣብቆ በክንፎቹ መካከል እንደ ስጋጃ ይነጠፋል፤ ማራገቢያው ይጮኻል እንጂ አየር አያሳልፍም። ሥራ ጨርሰን ሳናጠፋው ክዳኑን ብቻ ዘግተን ቦርሳ ውስጥ ስንከተው ደግሞ አንዳንዱ ላፕቶፕ በዚያ ጠባብ ቦታ መሥራቱን ይቀጥላል። መብራት ይጠፋል ብለን ሌት ተቀን ቻርጀር ላይ ሰክተን መተዋችንም ባትሪውን ይጎዳዋል፤ ሊቲየም ባትሪን ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ መቆየትና ሙቀት ሲገናኙበት በፍጥነት ያስረጁታል።

«አዲስ አበባ ቀዝቃዛ አይደለችም ወይ?» የሚል ሊኖር ይችላል። ቅዝቃዜው በእርግጥ ያግዛል፤ ብዙ አምራቾችም ላፕቶፕ ከ35 ዲግሪ በማይበልጥ አየር ውስጥ እንዲሠራ ይመክራሉ፤ ይህን ድሬዳዋና ሰመራ በሞቃት ወራት ያልፉታል። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች በመሆኗ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው በእኩል ፍጥነት ቢሽከረከር እንኳ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ የከፍታው ቅዝቃዜ የሰጠንን ጥቅም የአየሩ መሳሳት በከፊል ይወስደዋል።

ጥፋቱ የአምራቹ ነው የሚለውም ክርክር መሠረት አለው። በ2006 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር አምራቹ ዴል፣ ሶኒ የሠራቸውን 4.1 ሚሊዮን የላፕቶፕ ባትሪዎች መልሶ የሰበሰበው በእሳት አደጋ ስጋት ነበር፤ ያ የተጠቃሚው ጥፋት አልነበረም። «ላፕ» ማለት ጭን ከሆነስ ለምን ጭን ላይ አይቀመጥም ለሚለው ደግሞ የሕክምና መዛግብት መልስ አላቸው፦ ምድጃ ዳር አብዝተው በሚሞቁ ሰዎች እግር ላይ የሚታየው መረብ መሳይ ምልክት ላፕቶፕን ለረጅም ጊዜ በሚታቀፉ ሰዎች ጭን ላይም ታይቷል። ሌላው ክርክር መሣሪያው ራሱን ስለሚጠብቅ ስጋት የለም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ካልበረደም ይጠፋል። ይህ ጥበቃ ግን ፕሮሰሰሩን እንጂ ባትሪውን ከእርጅና አያድንም። በአዲስነቱ ፈጣን የነበረው ላፕቶፕ ዛሬ የሚያዘግመው በሙቀት ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ግን አዲስ ለመግዛት ያስባል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና መፍትሔው ብዙ ወጪ የለውም። ላፕቶፑን ጠንካራና ለጥ ያለ ነገር ላይ ማስቀመጥ፣ የማንጠቀምባቸውን ፕሮግራሞች መዝጋት፣ ቦርሳ ውስጥ ከመክተት በፊት ማጥፋት፣ ማስተካከያው ካለው የባትሪውን ሙሌት 80 በመቶ ላይ ማቆም ይቻላል። በዓመት አንድ ጊዜ አቧራውን ማስጠረግ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የደረቀውን ቅባት በባለሙያ ማስለወጥ ይበጃል። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከጋለ፣ ያን ጊዜ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ማለት ይቻላል። ባትሪው ካበጠ ግን ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ሳይጫኑትና ሳይበሱት፣ ሳይዘገዩ ለባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል።