አያት አጠገብ ካልተቀመጠች የማይገባ ፊልም

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ስለ ልጅነታቸው ሲናገሩ የሚያነሱት አንድ ነገር አለ። ጎንደር ላይ የታርዛንን ፊልም ሲያዩ፣ አፍሪካውያኑ ከኋላ አድብተው ታርዛንን ሊይዙት ሲሉ፣ ሕፃናቱ ሁሉ ታርዛንን ለማስጠንቀቅ እሪ ይሉ ነበር። ከሲኒማ ሲወጡ ደግሞ በከተማው ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ ካውቦይና ሕንድ ይጫወታሉ። ሕንዶቹ እንዲያሸንፉ የሚፈልግ ግን አልነበረም።

ይህን ሳነብ የራሴ ልጆች ትዝ አሉኝ። የእኔዎቹ የሚጮኹት ለታርዛን አይደለም፤ በአማርኛ ለተተረጎመ የውጭ ተከታታይ ድራማ ባለታሪክ ነው። የኢስታንቡልን ሰፈሮች ስም ይጠሩልኛል። አያታቸው የተወለደችበትን ቀበሌ ስም ግን አያውቁም።

የምንኖረው ገለጉ፣ ቋራ ነው። ቆላ በመሆኑ በበጋ ምሽት አልጋው ከነፍራሹ ወደ ግቢ ይወጣል፤ ቴሌቪዥኑም አንዳንዴ አብሮ ይወጣል። እኔ ያደግሁት በቪዲዮ ቤት ፊልም ነው፤ ሳንቲም ከፍለን፣ አግዳሚ ላይ ተጣበን፣ ቋንቋውን ሳንሰማ ካራቴ እናያለን። የአገሬ ሰው የሠራው የድሮ ፊልም መኖሩን የሰማሁት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. መታየቱን ስንቶቻችን እናውቃለን? የሚሼል ፓፓታኪስን «ጉማ»ስ ማን አይቶታል? ስሙን የምንሰማው በየዓመቱ በሚሰጠው የጉማ ሽልማት ነው፤ ፊልሙ ራሱ ስለ ደም ካሣና ዕርቅ የሚናገር መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

እኔ እጄ የገባው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ዋሽንግተን ያለ ዘመዴ፣ ኃይሌና ባለቤታቸው ሽሪኪያና አይና ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ከከፈቱት ሳንኮፋ ከተባለው መጻሕፍት ቤት ገዝቶ ላከልኝ። ኃይሌ ፊልሙን ያነሱት ገና አሜሪካ ተማሪ ሳሉ፣ የንጉሡ ሥርዓት በወደቀበት የለውጥ ወቅት፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ቀለም የለውም፤ ጥቁርና ነጭ ነው። ተዋንያኑ ባለሙያዎች አይደሉም። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ከባድ ናቸው። ሰው ከእንቅልፉ ይነሳል፣ በሬ ይጠመዳል፣ ይታረሳል። የአሥራ አራት ዓመቱ ልጄ «ኧረ ባባ፣ ፊልሙ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው እናቴ ከአልጋዋ ላይ ቀና ብላ «ዝም በል፣ ጀምሯል እኮ» አለችው።

እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል። የተወለደችው በለሳ ነው፤ ወደዚህ ቆላ የወረድነው በሰፈራው ጊዜ ነው። ስለ ልጅነቷ ስጠይቃት «ምን አለው ብለህ ነው» ትል ነበር። ያን ማታ ግን ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ገበሬዎቹን ሲሳደብ መናገር ጀመረች። የገረመኝ፣ ፊልሙን መቃወሟ ነው።

«የእኛው እንዲህ አልነበረም» አለች። «መሬቱ የአባቴ ነው፤ ርስት ነው። ማንም አይነቅለውም። ግብሩን ግን ለመልከኛው እንሰፍራለን። ድግስ ሲኖረው እናቴ ገብሱን ፈጭታ፣ እኔ እንጨቱን ተሸክሜ እንሄዳለን።»

«እምዬ፣ መሬቱ የናንተ ከሆነ ለምን ትሰጣላችሁ?» አላት ልጄ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል አልሰማህም? እሱ ሳይቆጨው እኛ እንቆጭ ነበር።»

ነገሩ እውነት ነው። በእኛ በጎንደር ርስትና ጉልት ነበር፤ በደቡቡ ደግሞ ጭሰኝነቱ የከፋ ነበር። ይህን ልዩነት የታሪክ መጽሐፍ በሁለት መስመር ያልፈዋል፤ ልጄ ደግሞ ለፈተና ሸምድዶ ረስቶታል። ያን ማታ ግን ፊልሙን ሦስት ጊዜ አስቆሞ ጠየቀ። መልከኛው ስንት ቁና ይወስድ ነበር? እምቢ ያለ ምን ይደረጋል? ሴት ልጅስ ርስት ታገኛለች? ለመጨረሻው እናቴ «ታገኛለች» ብላ፣ እሷ ግን ድርሻዋን ለምን ለወንድሞቿ እንደተወች ረጅም ታሪክ አወራች። እኔም የሰማሁት ያኔ ነው።

ለወላጆች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በፊልሙ ውስጥ እብድ ነው የሚባል ከበበ የሚሉት ሰው አለ፤ መሬቱን የተቀማ ነው። በመጨረሻ ባለመሬቱን በዱላ ደብድቦ ይገድለዋል። ባለቤቴ ይህን ስለነገርኳት የሰባት ዓመቷን ልጃችንን አስቀድማ አስተኛቻት። ደግ አደረገች። ጥይት በሚሰማበት አገር ለሚያድግ ሕፃን ተጨማሪ ደም ማሳየት አያስፈልግም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ የመጀመሪያው ሰዓት ይበቃዋል ባይ ነኝ።

ፊልሙ እስከ ዛሬ መቆየቱ ራሱ ዕድል ነው። የፊልም ጥቅል ሙቀትና እርጥበት ይበላዋል፤ ምስሉ ይላጣል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል። ይህን ያስታደሰው የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የማርቲን ስኮርሴዚ ተቋም ነው፤ ሥራው የተሠራው ቦሎኛ፣ ጣሊያን ባለው የፊልም ማኅደር ነው። የኃይሌ አባት ገሪማ ታፈረ ጣሊያንን ስለተዋጉት አርበኞች «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉ ሰው ናቸው። የልጃቸውን ፊልም ጣሊያን አከመው ስላት እናቴ ከልቧ ሳቀች።

ከድንበሩ ማዶም ተመሳሳይ ነገር አለ። «ስለ ዛፎች ማውራት» በተባለ የ2019 እ.ኤ.አ. ዘጋቢ ፊልም ላይ አራት ሽማግሌ የሱዳን ፊልም ሠሪዎች ኦምዱርማን ውስጥ የተዘጋ ሲኒማ ለመክፈት ሲደክሙ ይታያሉ። ከዚያ ወዲህ ጦርነቱ መጣ፤ ከሱዳን የሸሸው ሰው በመተማ በኩል ሲገባ አይተናል።

አሁን ደግሞ የኃይሌ «ጤዛ» ተራው ደርሷል። በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የተሸለመው ነው። ከጀርመን ወደ መንደሩ የተመለሰ ምሁር ታሪክ ሲሆን፣ በደርግ ጊዜ ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ሲደበቁም ያሳያል። ታላቅ ወንድሜ የታፈሰው ከገበያ ሲመለስ ነው፤ አልመጣም። ቤታችን ውስጥ ስሙ አይነሳም። ልጆቼ አጎት እንደነበራቸው የሚያውቁት ከፎቶው ብቻ ነው።

ስለዚህ ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ አስቀድሜ ለእናቴ ነገርኳት። ምንም አላለችም። ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ቡና እያፈላች፣ ቀና ሳትል፣

«ያ ያልከኝ ነገር ቅዳሜ ይሁን» አለች። «ትንሿን አስተኟት። ትልቁ ግን ከእኔ አጠገብ ይቀመጥ።»