ከጉና እስከ አባይ በረሃ፦ የመገናኛ ሬዲዮና ሪፒተር እንዴት ይሠራሉ?

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ጀርባቸውን ለጉና ተራራ ሰጥተው ፊታቸውን በአመዛኙ ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች ያዞሩ አካባቢዎች ናቸው። በዚህ መልክዓ ምድር በዓይን የሚታይ ጎረቤት ቀበሌ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። በድጓ ማስመስከሪያነቷ የምትታወቀውና ከየአገሩ የዜማ ተማሪዎች የሚሰበሰቡባት ቤተ ልሔምም የምትገኘው በዚሁ ጋራና ሸንተረር መካከል ነው። ሞባይል ስልክ ከመምጣቱ በፊት ሰው ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው ተጣርቶ መልእክት ያደርስ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ስልኩ የሚሠራው ከጉብታው ላይ ብቻ የሆነባቸው ቦታዎች አሉ።

ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ ስትወሰድ አምቡላንስ የሚጠራው ሰው ኔትወርክ ወደሚገኝበት ከፍታ መሮጥ ካለበት፣ የሚባክነው ጊዜ የሕይወት ዋጋ አለው። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋና የስልክ ማማው ባትሪ ሲያልቅ ደግሞ ጉብታውም አይረዳም። በዚህ ምክንያት በእጅ የሚያዘው የመገናኛ ሬዲዮ፣ በተለምዶ «ዎኪ ቶኪ» የሚባለው መሣሪያ፣ ለገጠሩ መፍትሔ ይሆን እንደሆነ የሚጠይቁ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከመሣሪያው በፊት መታወቅ ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የተራራው ጠባይ ነው፤ ሁለተኛው ሕጉ።

ዋት ወይስ ከፍታ?

በእጅ የሚያዙት ሬዲዮዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት ቪ.ኤች.ኤፍ እና ዩ.ኤች.ኤፍ በሚባሉት የሞገድ ክልሎች ነው። የእነዚህ ሞገዶች ጠባይ ከብርሃን ጋር ይመሳሰላል፤ በቀጥታ ይጓዛሉ፣ ተራራን ሰንጥቀው አያልፉም፣ የምድርንም ጉብጥና ተከትለው ብዙ ርቀት አይታጠፉም። ስለዚህ የሬዲዮው ርቀት በዋነኛነት የሚወሰነው አንቴናው ከምን ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ «እንደሚያይ» ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የአንቴናው ከፍታ በሜትር ይወሰድና ካሬ ሥሩ በ4.12 ይባዛል፤ ውጤቱ በኪሎ ሜትር የሬዲዮው አድማስ ነው። ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ሬዲዮውን በ1.5 ሜትር ከፍታ ቢይዝ አድማሱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ምንም የሚከልላቸው ነገር በሌለበት እስከ 10 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ቤት፣ ባሕር ዛፍና ጉብታ ባለበት ቦታ ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። አንቴናው ከዙሪያው 400 ሜትር ከፍ ባለ አምባ ላይ ቢሆን አድማሱ ወደ 82 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። 1,000 ሜትር ከፍ ቢል 130 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ይህ ስሌት በገበያ ላይ የሚነገረውን አንድ ትልቅ ማታለያ ያጋልጣል። በካርቶኖች ላይ «50 ኪሎ ሜትር ይደርሳል» ተብሎ የሚጻፈው ርቀት ከአንዱ ተራራ ጫፍ ወደ ሌላው ተራራ ጫፍ ሲነጋገሩ የሚገኝ ነው። የሬዲዮውን ጉልበት ከ5 ዋት ወደ 50 ዋት አሥር እጥፍ ማሳደግ በክፍት ቦታ እንኳ ርቀቱን ሦስት እጥፍ ያህል ብቻ ነው የሚጨምረው። በሁለቱ ሰዎች መካከል ተራራ ከቆመ ደግሞ የተጨመረው ዋት የሚፈይደው ጥቂት ነው፤ ባትሪውን ግን ይጨርሳል። በአባይ በረሃ ሥር ያለ ገበሬ እስቴ ከተማ ካለ ዘመዱ ጋር በሁለት የእጅ ሬዲዮ ብቻ እንዲነጋገር መጠበቅ አይቻልም።

ሪፒተር ምንድን ነው?

ከተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ ከአንዱ ሸለቆ የሰማውን ወዲያው ወደ ሌላው ሸለቆ ደግሞ የሚጣራ ሰው ቢኖር ሪፒተር የሚሠራውን ሥራ ይሠራ ነበር። ሪፒተር በከፍታ ላይ የሚተከል ተቀባይና አሰራጭ መሣሪያ ነው። ከታች የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ይቀበላል፣ በዚያው ቅጽበት በተሻለ ጉልበት መልሶ ያሰራጫል።

ዳግመኛ የሚጣራው ሰው እየጮኸ መስማት ስለማይችል ሪፒተርም በአንድ ፍሪኩዌንሲ ተቀብሎ በሌላ ያሰራጫል። ለምሳሌ በአማተር ሬዲዮ ክልል በ145.700 ሜጋኸርዝ የሚያሰራጭ ሪፒተር የሚያዳምጠው በ145.100 ሜጋኸርዝ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ 600 ኪሎኸርዝ ነው። አንድ አንቴና ብቻ ለሁለቱም ሥራ እንዲያገለግል ዱፕሌክሰር የሚባል ማጣሪያ በመካከል ይገባል። ዱፕሌክሰሩ ለተመደቡት ፍሪኩዌንሲዎች በመለኪያ መሣሪያ ተስተካክሎ መቃኘት አለበት። ይህ ሥራ በግምት ከተሠራ የሪፒተሩ የራሱ ድምፅ ጆሮውን ያደነቁረዋል፤ ሩቅ ያለውን ደካማ ድምፅ አይሰማም። ብዙ ሪፒተር «ይናገራል እንጂ አይሰማም» የሚባለው በዚህ ጉድለት ነው።

ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ርብና ጉማራ የሚመነጩበት ጉና ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ይሁንና ከፍተኛው ጫፍ ሁልጊዜ ምርጡ ቦታ አይደለም። ከጉና ጫፍ ደጋውን ማየት ይቻላል፤ ወደ አባይና ወደ በሽሎ የሚወርዱት ገደሎች ሥር ግን ጥላ ውስጥ ይቀራሉ። ለቆላው ቀበሌ የሚጠቅመው በገደሉ አፋፍ ላይ፣ ሸለቆውን ቁልቁል በሚያይ አምባ የሚተከል ሁለተኛ ሪፒተር ነው፤ ሁለቱ ደግሞ እርስ በርሳቸው ከተያዩ ሊያያዙ ይችላሉ። ቤተ ልሔምን የመሰለ በኮረብታ የተከበበ ቦታ ከየትኛው ጫፍ እንደሚታይ በካርታ ገምቶ በእግር ሄዶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሪፒተር የማይፈልግ ሌላ አማራጭም አለ። ኤች.ኤፍ የሚባለው ሬዲዮ፣ ሞባይል ሳይስፋፋ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በርዳታ ድርጅቶች ዘንድ ይታወቅ የነበረው፣ ሞገዱን ወደ ሰማይ ልኮ ከላይኛው የአየር ንብርብር አንጥሮ ይመልሰዋል። ረጅም የሽቦ አንቴና ከመሬት ብዙም ሳይርቅ በአግድም ሲዘረጋ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ወጥቶ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ዙሪያ ይወርዳል፤ ገደል አያግደውም። ነገር ግን ፍሪኩዌንሲው ከቀን ወደ ሌሊት መለዋወጥ አለበት፣ ድምፁ ይንሿሿል፣ መሣሪያውም በኪስ የሚያዝ አይደለም። ለጤና ጣቢያ ይመቻል፤ ለእረኛ አይመችም።

ፈቃድ ሳይኖር መግዛት

በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ጥንድ ሬዲዮ በስጦታ ይዞ ቢመጣ ደስታው ጉምሩክ ላይ ሊያበቃ ይችላል። በአውሮፓ በ446 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠሩ ግማሽ ዋት ሬዲዮዎች ያለ ግለሰብ ፈቃድ ይፈቀዳሉ። በአሜሪካ ጂ.ኤም.አር.ኤስ በተባለው አገልግሎት አንድ ቤተሰብ 35 ዶላር ከፍሎ ለ10 ዓመት የሚያገለግል ፈቃድ ያገኛል፤ ሪፒተርም መጠቀም ይችላል። እነዚህ ፈቃዶች ድንበር አይሻገሩም። በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድ የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲሆን፣ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማስገባትን፣ መሸጥን፣ መያዝንና መጠቀምን በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። የጸጥታ ችግር ባለበት ጊዜ ያለ ወረቀት በእጅ የተገኘ ሬዲዮ ከቅጣቱ ሌላ ባለቤቱን ለከባድ ጥርጣሬ ይዳርጋል።

በግል ደረጃ በዓለም ላይ የታወቀው ሕጋዊ በር አማተር ሬዲዮ ነው። ለንግድ የማይውል፣ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ለመማማርና ለመገናኘት የሚጠቀሙበት አገልግሎት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጣቢያ የጥሪ ምልክት አለው፤ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ምልክት «ኢቲ» ብሎ ይጀምራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ የሚገኘው የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር መታወቂያ ነው፤ የምሕንድስና ተማሪዎች ሬዲዮን በእጃቸው የሚማሩትም እዚያ ነው። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ኔፓልን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ስልክ ባቋረጠባቸው ቦታዎች የአማተር ሬዲዮ ባለሙያዎች መልእክት በማስተላለፍ አገልግለዋል። ሆኖም ይህ በር ለመማር ለሚሻ ሰው የተከፈተ እንጂ የእህል ዋጋ ለመጠያየቅ የሚውል አይደለም፤ የንግድ ወሬ በአማተር ሞገድ ላይ አይፈቀድም።

ስለዚህ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ የሚያዋጣው መንገድ የጋራ ነው። ጤና ጽሕፈት ቤት፣ የትራንስፖርት ማኅበር ወይም የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በተቋም ስም ለባለሥልጣኑ ያመለክታል፤ ዓላማውን፣ የሬዲዮዎቹን ብዛትና ዓይነት፣ ሪፒተሩ የሚተከልበትን ቦታ፣ ጉልበቱንና የአንቴናውን ከፍታ ይገልጻል። መሣሪያ የሚገዛው ፈቃዱና ፍሪኩዌንሲው ከታወቀ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ማኅበር በተመደበለት ፍሪኩዌንሲ የማይሠራ ሪፒተር ታቅፎ ሊቀር ይችላል።

ክረምቱን የሚያልፍ ኃይል

በተራራ ላይ የሚተከል ሪፒተር ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በኃይል እጦት ነው። በበጋ የተሰላ ሶላር በሐምሌና በነሐሴ፣ ጉና በደመና ሲሸፈን፣ ይከዳል። 25 ዋት የሚያሰራጭ አነስተኛ ሪፒተር በ12 ቮልት ሲያዳምጥ ግማሽ አምፔር፣ ሲናገር 8 አምፔር ያህል ይወስዳል እንበል። በቀን ሁለት ሰዓት ቢናገር ፍጆታው በድምሩ ወደ 28 አምፔር ሰዓት ነው። ፀሐይ ለሦስት ቀን ብትጠፋ 84 ይሆናል። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር 200 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያስፈልጋል። በክረምት በቀን የሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢታሰብ የሶላሩ መጠን በትንሹ 112 ዋት ይመጣል፤ ብክነቱ ሲታከል 200 ዋት መግዛት ነው የሚሻለው።

መብረቅ ሌላው ጠላት ነው። የማማው ብረት፣ የአንቴናው ገመድና የመሣሪያው ሳጥን በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከአንድ የአርዝ ሥርዓት ጋር ካልተያያዙ አንድ የሰኔ ማዕበል ሁሉን አመድ ያደርገዋል። ድንጋያማ ጫፍ ላይ ጥሩ አርዝ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ከአንድ በላይ ዘንግ በርቀት ይቀበራል። የአንቴናው ገመድ መጋጠሚያም ውኃ እንዳያስገባ በደንብ ይጠቀለላል፤ ገመዱ ውስጥ የገባ ውኃ ሪፒተሩን ቀስ በቀስ ዱዳ ያደርገዋል።

በእጅ ያለውን ሬዲዮ ማዘጋጀት

ፈቃድ በተሰጠው አገልግሎት ውስጥ ሬዲዮውን ማስተካከል አስቸጋሪ አይደለም። መጀመሪያ ሪፒተሩ የሚያሰራጭበት ፍሪኩዌንሲ የእጅ ሬዲዮው መስሚያ ሆኖ ይሞላል። ቀጥሎ ሪፒተሩ የሚያዳምጥበት መናገሪያ ይሆናል፤ ልዩነቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሆኑን መለየት ያስፈልጋል፤ ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው። በመጨረሻም ሪፒተሩን የሚከፍተው፣ ለጆሮ የማይሰማ ዝቅተኛ የድምፅ ምልክት፣ ለምሳሌ 88.5 ኸርዝ፣ ይገባል። ምልክቱ ሪፒተሩ በባዕድ ጩኸት እንዳይነቃ የሚጠብቅ ቁልፍ ነው። ምስጢር ግን አይጠብቅም፤ በዚያው ፍሪኩዌንሲ ያለ ማንም ሰው ንግግሩን ይሰማል። የታማሚ ስምና የገንዘብ ጉዳይ በሬዲዮ አይነገርም።

ሲናገሩ ቁልፉን ተጭኖ አንድ ሰከንድ ያህል መቆየት ይገባል፤ ሪፒተሩ እስኪነቃ ድረስ ቸኩሎ የሚናገር ሰው የመጀመሪያ ቃሉ ይቆረጣል። «ወደ ሆስፒታል አታምጧት» የተባለው «ሆስፒታል አታምጧት» ሆኖ እንዳይሰማ ዋናው መልእክት አጭር ሆኖ ሁለት ጊዜ ይነገራል፤ ተቀባዩም የሰማውን ደግሞ ያረጋግጣል። አንዱ ሲናገር ሌላው አይናገርም፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከተጫነ ሁለቱም አይሰሙም።

ማማ ከማቆም በፊት የሚደረግ አንድ ርካሽ ሙከራም አለ። ፈቃድ ያለው ባለሙያ በታሰበው አምባ ላይ በጊዜያዊ ምሰሶ አንቴና ተክሎ ይቀመጣል፤ ሌላው የእጅ ሬዲዮ ይዞ ከቀበሌ ቀበሌ፣ ከወንዝ እስከ ጤና ኬላ ይጓዛል። በየግማሽ ሰዓቱ እየተጣራ የተሰማበትን፣ የተንሿሿበትንና ፈጽሞ የጠፋበትን ቦታ በወረቀት ላይ ያሰፍራል። ሁለት ቀን የፈጀ እንዲህ ያለ ጉዞ ሁለተኛው ሪፒተር የት መቆም እንዳለበት፣ ወይም ጨርሶ እንደማያስፈልግ፣ ይናገራል። ጉዞው በጥቢ፣ ዛፉ ቅጠል እንደለበሰ ቢደረግ ይመረጣል፤ በበጋ ደረቅ ቀን የተሰማ ሬዲዮ በእርጥብ ባሕር ዛፍ መካከል ሊደክም ይችላልና።