ፎቶውን የሚያነሳው ካሜራው ነው?

ጥሩ ፎቶ ስናይ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጠይቀው «በምን ካሜራ ተነሳ?» ብለን ነው። ይህ ጥያቄ ስንቱን ጀማሪ ፎቶ ማንሳት ትቶ ለካሜራ ገንዘብ እንዲያጠራቅም አድርጎታል። እስቲ ስለ ካሜራ በሰፊው የሚታመኑትን እንፈትሻቸው።

ተረት፦ ሜጋፒክስሉ በበዛ ቁጥር ፎቶው ያምራል።
እውነታ፦ ሜጋፒክስል የሚነግረን ምስሉ በስንት ነጥብ እንደተሠራ ነው። 12 ሜጋፒክስል ያለው ስልክ 34 በ25 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ጥርት ያለ ኅትመት ይበቃል። ፍሬሙ ውስጥ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር የሚለውን የሚወስነው ግን አንሺው ነው።

ተረት፦ ያለ ስቱዲዮ መብራት የሰው ፎቶ አያምርም።
እውነታ፦ ማሊያዊው ፎቶ አንሺ ሴይዱ ኬይታ በ1948 እ.ኤ.አ. ባማኮ ውስጥ ስቱዲዮ ሲከፍት ደንበኞቹን በአብዛኛው ግቢው ውስጥ፣ በቀን ብርሃን ያነሳ ነበር። በመጀመሪያ ከጀርባቸው የሚሰቅለው የራሱን አልጋ ልብስ ነበር። ፊልም ውድ ስለሆነም ብዙውን ጊዜ ለአንድ ደንበኛ የሚያነሳው አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከማንሳቱ በፊት የፊትን አቅጣጫ፣ የእጅን አቀማመጥ፣ የቀሚስን አዘረጋግ አስቦ ይጨርስ ነበር። በዚያ ጥንቃቄ የተነሱት ሥራዎቹ በ2016 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ በግራን ፓሌ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ለተመልካች ቀርበዋል።

ተረት፦ ደማቅ ቀለም የውድ ካሜራ ውጤት ነው።
እውነታ፦ ኢትዮጵያዊቷ ፎቶ አንሺ አይዳ ሙሉነህ በ2018 እ.ኤ.አ. ወተርኤይድ ለተባለው የንጹሕ ውኃ ተራድኦ ድርጅት ባዘጋጀችው የፎቶ ሥራ መናገር የፈለገችው ውኃ ፍለጋ በሴቶች ላይ ስለሚጥለው ሸክም ነው። ለዚህም አፋር ውስጥ ዳሎልን መረጠች፤ የሞዴሎቹን ገላ ቀለም ቀባች፤ አልባሳቱንም በደማቅ ቀለማት አዘጋጀች። ቀለሙ የተወሰነው ካሜራው ሳይከፈት ነው።

ተረት፦ እንግዲያው መሣሪያ ዋጋ የለውም።
እውነታ፦ አለው እንጂ! በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮን ሳያስደነግጥ ሊያነሳ የፈለገ ረጅም ሌንስ ያስፈልገዋል። ሌንሱን የመረጠለት ግን ሐሳቡ ነው።

ስለዚህ ከማንሳትዎ በፊት ማሳየት የፈለጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩት። በእጅዎ ያለው ካሜራ የትኛውን ፎቶ እንደከለከለዎት ለይተው መናገር ሲችሉ፣ ያኔ አዲሱን ይግዙ።